ከክምሩ ያነሳሁት ታኮ

ልጄ በአፏ የምትስበውን የአስም መድኃኒት ተጫነችው፣ ባዶ ነው፣ አራግፋ ደገመችው፣ አሁንም ባዶ ነው፣ አደጋው የታየኝ ያኔ ነው፣ የተቀመጥንበት ማኪና አልነሳ ብሎ ሊማሊሞ ዳገት መሀል ቆሟል፣ ጉሙ ጫማዬን እንኳ አያሳየኝም፣ ስልኩም ኔትወርክ የለውም።

ስሙኝማ፣ እኔ ሰው ድምፅ ጠራኝ፣ ጥላ ታየኝ ሲል በሆዴ እየሳቅሁ የማልፍ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ግን ሟቹ ባሌ ሹፌር ስለነበረ የማኪና ወሬ ስሰማ ነው የኖርኩት፣ ማኪና ቆመ ሲሉኝ ባትሪው ነው ወይስ ናፍጣው እላለሁ እንጂ ማን አቆመው ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እላለሁ።

ቤቴ ጎንደር፣ ፀዳ ነው። በክረምቱ እረፍት የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ሰብለን ይዤ ዛሪማ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር፣ እዚያ አስሟ ተነሳባት፣ መድኃኒቷም ወደ ማለቁ ሆነ፣ ስለዚህ የእህቴ ጎረቤት አያ ጫኔ በአሮጌ ፒካፓቸው ደባርቅ ሆስፒታል ሊያደርሱን ጠዋት ተነሱ። አያ ጫኔ ሸጋ ሽማግሌ ናቸው፣ ማኪናዬ እናትሽን በዕድሜ ትበልጣለችና አንቱ በያት እያሉ ሰብለን ሲያስቋት ነበር፣ ዳገቱን አጋምሰን ግን ልጅቷ ሊያስመልሰኝ ነው አለች፣ ቆምን። ጭሱ ጋቢና እየገባ አፈናት፣ ሞተሩን አጠፉት፣ የእጅ ፍሬኑ ስለማይዝ ደግሞ ከኋላው ጎማ ሥር ታኮ አድርጊ አሉኝ፣ ወረድኩ፣ በጉሙ ውስጥ ስዳብስ ገደሉ አፋፍ ላይ የተከመረ ድንጋይ አገኘሁ፣ ከላይ ያለውን ጠፍጣፋውን አንስቼ ጎማው ሥር ሸጎጥኩት።

ልጅቷ ቀለል ሲላት እንሂድ ተባለ፣ ቁልፉ ተጠመዘዘ፣ ምንም የለም። ቀጭ እንኳ አይልም። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮሃል፣ ባትሪው አለ ማለት ነው። አያ ጫኔ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ሞርሴቶ፣ ያንን የሽቦውን ማሰሪያ ፈቱ፣ በቢላ ፋቁት፣ መልሰው አጠበቁት፣ ምንም። ፊውዙን አዩ፣ ደህና ነው። ይህን ሁሉ ስናደርግ የሰብለ ደረት እንደገና ማፏጨት ጀመረ፣ መድኃኒቱም ባዶ የሆነባት ያኔ ነው፣ በዚያ የዝናብ ቀን ደግሞ አንድ ማኪና አላለፈም።

የቀረን ሞተሪኖው ነው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው። እኔ ቁልፉን ሳዞር እሳቸው ከሥር በመፍቻ ሊመቱት ተስማማን። አዞርኩ። እሳቸውም መቱት፣ የኛ ማኪና ዝም አለ፣ ከታች ግን፣ ከገደሉ ውስጥ፣ እርርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ሞተሪኖ ሲያዞር የሚሰማው ራሱ። እጄን ስመልስ እሱም አቆመ።

ሰብለ መስኮቱን ተደግፋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "እማ፣ ታች ያሉትም ማኪናቸው እምቢ ብሏቸዋል" አለችኝ።

እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ከመፍራት ይልቅ ገረመኝ፣ የማኪና ነገር ስለሆነ ልለየው ፈለግሁ፣ አንዴ አጭር አዞርኩ፣ ከታች አንዴ አጭር መጣ፣ ሦስቴ ቶሎ ቶሎ አዞርኩ፣ ሦስቴ መጣ። አያ ጫኔ የገደል ማሚቶ ነው አሉ። ማሚቶማ የሰማውን ነው የሚመልሰው፣ የኛ መቼ ተናገረና አልኳቸው። ከታች መንገድ አለ ወይ ስላቸው፣ በዚህ በኩል ለዝንጀሮም መንገድ የለው አሉኝ፣ አነጋገራቸው ውስጥ ያ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀረ ብለው ነገሩኝ፣ ማኪናዋን ወደ ኋላ ለቆ በማርሽ ማስነሳት። ከኋላችን ጠመዝማዛው ነው፣ ከጠመዝማዛው ወዲያ ገደል፣ ጉሙ ደግሞ አስፋልቱ የት እንደሚያልቅ አያሳይም። የልጄ ከንፈር ግን መልኩን መለወጥ ጀምሯል፣ ምን ልበል፣ እሺ አልኩ። እግራቸውን ፍሬን ላይ አድርገው ታኮውን አውጪው አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ስይዘው ድንጋዩ ሞቀኝ። በዚያ ብርድ፣ ልክ ሞተር ላይ ተቀምጦ እንደዋለ። ጭቃው በእጄ ሲፋቅ በነጭ ቀለም የተሳለ መስቀል ወጣ። አያ ጫኔ ምነው ዝም አልሽ ብለው በመስኮት ብቅ ሲሉ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

"ከየት ነው ያነሳሽው?"

ከዚያ ከተከመረው አልኳቸው።

"የሰው ነው እኮ፣ የሰብለ እናት። ማኪና ሰው ይዞ የወደቀበት ነው። እኛ ሹፌሮች ስናልፍ ድንጋይ እንጨምርበታለን፣ አንቺ ቀነስሽ።"

ያኔ ባሌ ትዝ አለኝ፣ እሱም እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ወርዶ ድንጋይ ይጥል ነበር፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ቶሎ በል፣ መሸብን እለው ነበር። ሌላ ድንጋይ ከማዶ ፈልጌ ጎማው ሥር ሸጎጥኩና ያንን አቅፌ ወደ አፋፉ ሄድኩ፣ የተነሳበት ቦታ ክፍቱን ይጠብቃል፣ አስቀመጥኩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላየሁም፣ ልጄ ታማብኝ ነው አልኩ፣ ለማን እንደምል ሳላውቅ።

እጄን ሳነሳ ከታች ያ ሞተር ተነሳ። ሞቅ አለ፣ ማርሽ ገባለት፣ መንገድ በሌለበት ወደ ላይ መጣ፣ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ የናፍጣ ሽታው ፊቴን መታኝ፣ ከዚያ ጭጭ። ወዲያው ከጀርባዬ የኛ ማኪና ተነሳ፣ አያ ጫኔ ቁልፉን አዙረውት ኖሯል።

መፍቻው ነው ያስነሳው፣ ሞተሪኖው ተጣብቆ ነበር ይላሉ እስከ ዛሬ። ይሁን። እኔ ሁለተኛውንም ታኮ አውጥቼ ክምሩ ላይ ጨመርኩት፣ ሮጬም ገባሁ።

ከዚያ እስከ ደባርቅ መግቢያ ድረስ ከኋላችን ማኪና ይሰማኝ ነበር። አያ ጫኔ ማርሽ ሲቀይሩ ይቀይራል፣ ሲያዘገሙ ያዘግማል፣ በመስታወቱ ሳይ ጉም ብቻ ነው። አያ ጫኔ መስታወቱን በእጃቸው ወደ ላይ አዞሩት።

ሆስፒታል እንደገባን ኦክስጅን አደረጉላት፣ ቀስ በቀስ ማፏጨቱ ቀረ፣ ከንፈሯ ቀላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ እኔም አብሬያት ሳብኩ። ከዚያ ጭምብሉን በጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ "እማ፣ እነዚያስ ደረሱ?" አለችኝ።

ወደ መስኮቱ አየሁ፣ ግቢው ውስጥ የአያ ጫኔ ፒካፕ ብቻዋን ቆማለች። እኛ ደርሰናል ልጄ፣ ደህና ነን አልኳት።