ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቆመው ሰው

አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ቤት ውስጥ አፏ የማያርፍ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ካልተነፈሰች ምን ሆነች ይባላል? ታመመች እንዳልል ትኩሳት የላትም። ደነገጠች እንዳልል፣ የልጅ ድንጋጤ እንቅልፍ ሲወስዳት ይለቃታል። ጉልበቷን አቅፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። መልሱን ያኔ አላውቀውም ነበር። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር እያልኩ ስንቱን ዘመን አሳለፍኩ።

ልጅቷ ድርቤ ናት፣ የልጄ የተረፋ ልጅ። እናቷ በወለደቻት በሳምንቱ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ቀለሟ ነኝ። ከኡኬ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ከሚገኘው ሰፈራችን ማዶ፣ ወንዙን ሲሻገሩ፣ አራት ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ነበረች። በጃንሆይ ጊዜ፣ በአምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቷ ዲሬክተር መምህር ተካ ግቢው ውስጥ ካለው መኖሪያ ቤታቸው ሞተው ተገኙ። ከአልጋቸው አጠገብ ወድቀው፣ ጭንቅላታቸውን የብረት ሳጥናቸው ጠርዝ መትቷቸው ነበር። ወባ ይዟቸው ሦስት ቀን ተኝተው ስለነበር «አዙሯቸው ይሆናል» ያለ ነበር። ነገር ግን ደረታቸው ላይ ያለው ሸሚዝ ተጨምድዶ፣ ሁለት ቁልፍ ተበጥሶ ተገኘ። ሰው ይዟቸዋል።

መጀመሪያ ያገኘቻቸው ድርቤ ናት። ከቤታቸው ሮጣ ስትወጣ ሰማንያ ተማሪ አይቷታል።

የመቶ አለቃ ዋቅወያ ረቡዕ ከነቀምቴ መጡ። እስከ ኡኬ በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በተከራዩት በቅሎ ነው። ወፍራም፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ሲቀመጡ መጀመሪያ ጫማቸውን የሚያላሉ ሰው ነበሩ። አካም ቡልተኒ ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርን ጠይቀው፣ ቃል የሚጻፈው በአማርኛ ነውና ወደ አማርኛ ዞሩ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረጉትን የሰማሁት በኋላ ነው።

አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሟቹ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚደረግ ነው። መምህር ደረሳ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ አንድ በአንድ አስረዳቸው። መጀመሪያ ከዋርካው የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ይደወላል፤ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ ውጭ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ልጆች ተሰልፈው ጥፍራቸው፣ ፀጉራቸው፣ እግራቸው ይታያል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሁለተኛው ደወል ሲመታ ባንዲራ ይወጣል። ያን ጊዜ ማንም አይንቀሳቀስም። ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ፣ አህያ እየነዳ በመንገድ የሚያልፍም ቢሆን፣ ባለበት ቀጥ ይላል። ዓይን ሁሉ ባንዲራው ላይ ነው። ድርቤ ብቻ ከሰልፉ ጫፍ ወደ ልጆቹ ዞራ ትቆማለች፤ የተንቀሳቀሰውን ስም ጽፋ መዝሙሩ ሲያልቅ ለዲሬክተሩ ማድረስ ሥራዋ ነው።

«እንግዲህ ከባንዲራው በኋላ የገባችው እሷ ብቻ ናት» አለ ደረሳ። «ምን ልበልዎ? ሰኞ ዕለት እስከ እኩለ ቀን አንበርክከዋት ነበር። ጉልበቷ ደምቷል።»

ነገሩ እውነት ነው። አንዲት የተንቀሳቀሰች ትንሽ ልጅ ስታለቅስ አሳዝናት ድርቤ ስሟን ሳትጽፍ አለፈቻት። መምህር ተካ ይህን ሲሰሙ ጋቢ ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አንበረከኳት። ውሸታም ልጅ ሌላውን ታበላሻለች፣ ነገ ከመዝገብ እሰርዝሻለሁ አሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥርዓት የሚሉት ነገር ሌላውን ሁሉ ጋርዶባቸው ነበር።

መቶ አለቃው ደረሳን፣ ሰውየው ሲሞቱ ዲሬክተር የሚሆነው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ደረሳ ፊቱ ቀላ። እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ግን ከደወል እስከ ደወል ልጆቹ ፊት ነበርኩ አለ። ዘበኛውን ባቻንም ጠየቁ። ባቻ የድሮ ወታደር ነው፤ ዲሬክተሩ በአደባባይ ሰካራም ብለው ሰድበውታል።

«በሩን ዘግቼ ሰልፉ ፊት ገመዱን ስፈታ ነበር» አለ። «ከዚያ እሱን ይዤ ነው ያለሁት፣ ጌታዬ። ገመዱን ብለቅ ባንዲራው ይወድቃል፤ ባንዲራው ቢወድቅ ዛሬ የሚጠይቁኝ ነቀምቴ እስር ቤት መጥተው ነበር።»

መቶ አለቃው ሳቁ ይባላል። በዚያ ሳምንት የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሸዋ አብራቸው የመጣችው ምግብ አብሳያቸው እማዋይሽ እያለቀሰች ተናገረች። መጀመሪያው ደወል ሲመታ በሕይወት ነበሩ፤ እንስራው ባዶ ነው ብለው ተቆጥተው ወደ ምንጭ ላኳት። ስትመለስ መዝሙሩ አልቆ ጩኸት ነበር።

«በመታመማቸው ባንዲራው ቀርቶባቸው ነበር?» አሉ መቶ አለቃው።

«ምን ሲደረግ! ሁለተኛው ደወል ሲመታ ተነሥተው፣ ኮታቸውን ለብሰው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ይተኙ ስላቸው፣ ልጆቹን ቁሙ ብዬ እኔ ልተኛ ወይ ይሉኛል።»

«ማክሰኞስ ኮቱ የት ነበር?»

«ምስማሩ ላይ፣ ሰኞ እንደሰቀልኩት።»

መቶ አለቃው ይህን ጻፉ። ከዚያ ቤቱን ዞረው ወጥ ቤቱ ጀርባ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ባቻን ቆርቆሮ አስመጥተው እዚያ መሬት ላይ አስተኙና ድንጋይ አስጫኑበት። ማንም እንዳይነካው አሉ። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማንም አልነገሩም።

ወደ እኔ ቤት ሲመጡ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ጫማቸውን ሊጠርጉ ጎንበስ ብለው እንደቀሩ ቀሩ። ድንጋዩን ቆሻሻ ነው ብለው እንዳይንቁኝ ተጨነቅሁ፤ ማክሰኞ የተረፋን በረባሶ አጥቤበት ውሃ ሳላፈስበት ነው የተውኩት። የልጄን ጫማ ሁልጊዜ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ማንም ያዘዘኝ የለም።

ድርቤን አጠገቧ ተቀምጠው ለሰለስ ባለ ድምፅ ጠየቋት። ዝም። የዚያን ዕለት የስም ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት። ባዶ ነበር። ዓይኗን አዞረች።

«አዴ ቀለሟ፣» አሉኝ በኦሮምኛ፣ እናቴ እንደማለት፣ «ጉልበቷን ማን አከመላት?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አባቷ አይቶታል?»

ተረፋ ጥግ ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሞፈር እንጨት ይጠርባል። አይቻለሁ አለ፣ ቀና ሳይል። ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ ሲሉት በሬ ጠፍቶብኝ ኡኬ ነበርኩ አለ። እኔም ሳልጠየቅ ዘልዬ ገባሁ።

«ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣው። በሩን ከኋላው የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለምን እንዳልኩ እንጃ። ሲወጣ አልሰማሁትም፤ ተኝቼ ነበር። የአንድን ሰው ቃል ሌላ ሰው ቢደግፍለት ምን ይጎዳል ብዬ ይሆናል። መቶ አለቃው ከመነሣታቸው በፊት፣ ልጅቷ እስከ ዓርብ ካልተናገረች ነቀምቴ ይዘዋት እንደሚሄዱ ነገሩን። የተረፋ ቢላ እንጨቱ ላይ ቆመ። ከዚያ መጥረብ ቀጠለ።

ሁለቱን ሌሊት አልተኛሁም። ነቀምቴ ሚሲዮን ቤት በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ከተማውን አውቀዋለሁ፣ እስር ቤቱን በውጭ አይቼዋለሁ። ድርቤ እዚያ ስትገባ በዓይኔ ይመጣብኛል። ተረፋም አይተኛም ነበር። ስንገላበጥ እንሰማማለን።

ዓርብ ጠዋት መጀመሪያው ደወል ሲመታ መቶ አለቃው ደረሳንና እማዋይሽን ይዘው መጡ። ባቻ ባንዲራውን ለማውጣት ከልጆቹ ጋር ቀርቷል። ሐሙስ ቤቱን በእበት ለቅልቄው ስለነበር ወለሉ ለስላሳ ነው፤ ሁላችንም ጫማችንን በር ላይ ትተን ገባን። መቶ አለቃውም አወለቁ።

«ድርቤ አልገደለችም፤» ብለው ጀመሩ። «መምህር ተካ ባንዲራ ሲወጣ ኮታቸውን ሳይለብሱ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ማክሰኞ ኮቱ ከምስማሩ አልወረደም። ስለዚህ ሁለተኛው ደወል ሲመታ ሞተው ነበር። ልጅቷ ያኔ ሰልፍ ላይ ናት። ስትገባ ያገኘችው ሬሳ ነው።»

ትንፋሼ ተመለሰ። መመለሱ ግን አልቆየም።

«እማዋይሽ ምንጭ ወርዳ ነበር፤ እዚያ አብረዋት የቀዱ ሦስት ሴቶች መስክረዋል። ደረሳና ባቻ በሁለቱ ደወሎች መካከል ልጆቹ ፊት ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሌላ ሰው በአጥር ገብቶ ነበር። ለጠብ አልመጣም፤ ለጠብ የመጣ ሰው እጁ ባዶ አይሆንም። ሊለምን መጥቶ እምቢ አሉት፣ ያዛቸው፣ ገፋቸው። ከዚያ በወጥ ቤቱ ጀርባ ወደ አጥሩ ሊሮጥ ሲል...»

በጣታቸው ወደ ማዶው ትምህርት ቤት ጠቆሙ።

«...ደወሉ ተመታ። ልጆቹ መዘመር ጀመሩ። ሰውዬው ነፍስ አጥፍቶ እየሸሸ ቆመ። ቀይ ጭቃው ላይ እግሩ ሰምጦ ቀርቷል፤ ከቆርቆሮው ሥር አሁንም አለ። የሚሮጥ ሰው ዱካ አይደለም። ወደ ባንዲራው ዞሮ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ የቆመ ሰው እግር ነው።»

ደረሳ፣ እግርማ የሁሉም እግር ነው፣ እዚህ አገር ደግሞ በረባሶ የማያደርግ የለም አለ።

«አቋሙ ግን የሁሉም አይደለም። አንተ ልጆቹን እንዴት ነው የምታቆማቸው?»

«እግር ገጥመው።»

«ይኼ ተረከዙን ገጥሞ ጣቱን ከፍቷል። እንደዚያ የሚያስተምሩት ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። በዚህ ሰፈር ሠራዊት የነበሩት ሁለት ናቸው አሉኝ። አንዱ ባቻ ነው፤ እሱ ገመድ ይዞ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አዴ፣ የእርስዎ ግቢ አፈር ጥቁር ነው። የኡኬ መንገድ ጠጠር ነው። ደጃፍዎ ድንጋይ ላይ ከወንድ በረባሶ ታጥቦ የደረቀው ጭቃ ግን ቀይ ነው።»

እኔ ነኝ ያጠብኩት። በእጄ ነው ያጠብኩት።

በዚህ መካከል ከማዶ ሁለተኛው ደወል ተመታ። መቶ አለቃው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሁላችንም ተነሣን። የልጆቹ ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። መቶ አለቃው ወደ ፊት አያዩም ነበር፤ ወለሉን ነው የሚያዩት። እኔም አየሁ። ደረሳ እግሩን ገጥሟል። እማዋይሽ ነጠላዋን ይዛ እንደሆነላት ቆማለች። ልጄ ግን ወታደር ሳለ በኦጋዴን በረሃ እንዳስተማሩት፣ ተረከዙ ተጣብቆ፣ ጣቱ ተከፍቶ፣ እጁ ከጭኑ ጋር ተሰፍቶ ቀጥ ብሏል። የሚያደርገውን የሚያውቅ አልመሰለኝም።

መዝሙሩ አለቀ። ማንም አልተቀመጠም።

«እኔ ነኝ» አለች ድርቤ።

ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ የሦስት ቀን ዝምታ ነው። «እኔ ነኝ የገፋኋቸው። ተቆጥቼባቸው ነበር።»

መቶ አለቃው ባዶውን ወረቀት አውጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩላት።

«በየቀኑ አራትም አምስትም ስም ትጽፊያለሽ፣ ልጄ። ማክሰኞ አንድም የለም። ሰማንያ ልጅ ሳይነቃነቅ ቀርቶ አይደለም። ሰው ሁሉ ባንዲራውን ሲያይ የወጥ ቤቱን ጥግ ማየት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ዓይንሽ ልጆቹ ላይ አልነበረም።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ፤» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አኮ፣ አያቴ፣ ንገሪያቸው። እኔ ነኝ በያቸው።»

ወደ እኔ ነው የምታየው። ለአንዱ ዋሽቼለታለሁ። አንዱን ብሸፍን ሌላዋ ትገለጣለች፤ ነጠላዬ ለሁለት አይበቃም።

ተረፋ ምንጣፉ ጋ ሄዶ ጎንበስ አለ። የድርቤን ቀሚስ በትንሹ ገለጥ አድርጎ የጉልበቷን ቁስል አየ፤ እየሻረ ነው። ቀሚሱን መልሶ አወረደላት። ከዚያ በሩ ላይ፣ አጥቤ ያስቀመጥኩትን በረባሶ ተራምዶ፣ በባዶ እግሩ የመቶ አለቃው በቅሎ ወደታሰረበት ወጣ።