ቀን ያልተጻፈበት ማጣሪያ

ቀማሚው ከበርሜሉ አጠገብ በጎኑ ተኝቷል። ጓንቱን አጥልቋል፣ የጎማ ሽርጡን አስሯል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ከእግሩ ሥር ክዳኑ የተከፈተ የአሲድ ጀሪካን ወድቋል። አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ እንደሚያወጣ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ በረኪና የሚቀመምበት ቤት የተቀጠረ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው እሱኑ ነው።

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ጉንጭ ነካችው። ቅዝቃዜው አልተሰማትም። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ፣ አሲድ የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች አደንዝዟቸዋል። የደነዘዙት ጣቶቿ ብቻ እንዳልሆኑም ታውቃለች። ሬሳ አይታ ምሳዋን የምትበላ ሰው ሆናለች፤ ይህም ሲያሳዝናት ከርሞ አሁን ሐዘኑም ትቷታል። በግራ እጇ ደግማ ዳሰሰችው። ጉንጩ ልስልስ ነው፤ አገጩ ላይ ምላጭ የጫረው ትኩስ ምልክት አለ።

በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፦ ጀሪካን የምትሞላው የሟቹ ልጅ፣ ረጅሙ ፎርማን፣ እና ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ የንብረት ክፍል ኃላፊ። ከሟቹ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላቸው እነዚሁ ናቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጅቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት። የአውቶቡስ ሰዓት የምትናገር ይመስል ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አይልም። «ትናንት አሲዱን ከበረኪናው ረድፍ ቀላቅዬ አስቀምጬው ይሆናል። አባዬ አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል፤ ሽታ አይለይም። በረኪና መስሎት ጨመረው።»

«ይሆናል ነው ወይስ ነው?»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ተይ ልጄ፣ በራስሽ አትፍረጂ» አላት የንብረት ክፍል ኃላፊው። «ስህተት ነው። ማንም ይሳሳታል።»

ደግ ንግግር ነበር። ሆኖም ስህተቱን አቅፎ ለልጅቱ ሲያስረክባት መርማሪዋ ልብ አለች። ልጅቱን ብቻዋን ወደ ማሸጊያው ክፍል ወሰደቻት።

«አባትሽ ዛሬ ጠዋት ለምን ተላጨ?»

«ሁልጊዜ ይላጫል። ጢም ካለ ማስኩ ፊት ላይ አይገጥምም፣ ጋዝ ያስገባል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀድሞኝ ይመጣና የበርሜሉን ዝቃጭ ያወጣል፤ ያ ሥራ ደግሞ ጋዝ ስለሚነሣበት ያለ ማስክ አይሞከርም።»

«ዛሬ ግን አላደረገም።»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል አሉኝ። እኔ እንጃ።»

«ትናንት ጀሪካኖቹን ከሞላሽ በኋላስ?»

«ወለሉን ወልውዬ፣ ዘግቼ ወጣሁ።»

«ጀሪካኖቹን እያነሳሽ ነው የምትወለውዪው?»

«ያን ሁሉ ጀሪካን? ዙሪያቸውን ነው እንጂ፤ ወገብ አልተረፈኝም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወለሉን አየች፤ ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የሟቹ ጭምብል በማሰሪያው ከሚስማር ተንጠልጥሏል። ጋዝ የሚይዙት ሁለቱ ማጣሪያዎች ነጭ፣ አዲስ ናቸው። የፎርማኑ ግን አፉ ጥብቅ ተደርጎ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ነው።

«ለምን ታስረዋለህ?» አለችው።

«ክፍት ከተተወ ማጣሪያው አየሩን ሲጠጣ ያድርና ያልቃል። በማሰሪያው መስቀልም አይቻልም፤ ላስቲኩ ይላላል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሟቹ ጋሼ ናቸው። ማጣሪያ ሲቀየር ጠርዙ ላይ ቀኑን ይጽፋሉ፤ የእኔንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ለሁለታችንም አዲስ ሲሰጠን የጻፉት ይኸው።»

የፎርማኑን ማጣሪያ ወደ መስኮቱ ወስዳ አዘነበለችው። ከቀኑ ጎን በደንብ ያልተፋቀ ሌላ ቀን አለ፤ የአራት ወር ዕድሜ ያለው፣ በዚያው እጅ የተጻፈ። የሟቹ ሽማግሌ ዓይን ደክሞ ስለነበር አላየውም።

መጨረሻ ላይ የንብረት ክፍል ኃላፊውን ጠየቀችው።

«ስንት ሰዓት ገቡ?»

«አንድ ሰዓት አልፎ፣ ልጅቱ ስትጮህ።»

«እርስዎ ማስክ ያደርጋሉ?»

ጢሙን ዳሰሰ። «ይህን ተሸክሜ? የእኔ ሥራ ወረቀት ነው።»

እኩለ ቀን ሲሆን ሦስቱንም ከበርሜሉ ፊት አቆመቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

«ጭምብል ሊያደርግ የተላጨ ሰው ያለ ጭምብል ሞቶ ተገኘ» አለች። «አጥልቆት ነበር፤ ሌላ ሰው አወለቀለት። ያወለቀው ሰው ጭምብሉን በማሰሪያው ሰቀለው። ፎርማኑ እንደዚያ አይሰቅልም፤ ልጅቱም የአባቷ ተማሪ ናት። ጭምብል ለብሶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ፎርማኑ ወደ ጢማሙ ዞረ።

«የተሰቀለው ጭምብል ማጣሪያ አዲስ ነው፤ ግን ቀን አልተጻፈበትም። ቀማሚው ቀን ሳይጽፍ አይገጥምም። ስለዚህ የተቀየረው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባለፈው ሳምንት የተሰጣችሁ ደግሞ ቀኑ ተፍቆ እንደገና የታሸገ አሮጌ ነው፤ የዝቃጩን ጋዝ አላገደለትም። የሚያሽገውም የሚያድለውም አንድ ሰው ነው።»

«አሲዱስ?» አለች ልጅቱ።

«ነይ፣ እይ። በአሲዱ ረድፍ መካከል የጀሪካን ቂጥ የሚያህል አቧራማ ምልክት አለ። ስትወለውዪ ጀሪካኑ እዚህ፣ ቦታው ላይ ነበር። በበረኪናው ረድፍ ጀሪካኖቹ ተገፍተው የተከፈተው ክፍተት ግን ወለሉ ጽዱ ነው፤ ትናንት እዚያ ምንም አልተቀመጠም። አልተሳሳትሽም። ጀሪካኑን ዛሬ ጠዋት ያመጣው ሰው፣ ጥፋቱን አንቺ እንድትሸከሚው ነው ያመጣው።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ አልካደም። እንደ ደከመው ሰው ተናገረ።

«አዲስ ማጣሪያ ማዘዝ ረሳሁ። አንድ ወር ሙሉ ነገ ይደርሳል ስል ከረምኩ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። አሮጌዎቹን ጠርጌ አሸግኋቸው፤ አዲሱ እስኪመጣ ይገፋሉ ብዬ። አዲስ የነበረኝ ለተቆጣጣሪ የማሳየው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር።»

«ሲያወልቁለት ይተነፍስ ነበር?»

ወለሉን አየ።

«ትንሽ» አለ። «ላወጣው ነበር። ከዚያ ማጣሪያውን ያዩታል ብዬ አሰብኩ። መጋዘን ሄጄ ቀይሬ ስመለስ… አልቆለታል።»

መርማሪዋ ንዴት እስኪመጣላት ጠበቀች፤ አልመጣም። ካቴናውን አወጣች፤ ቁልፉ በጣቶቿ ስለማይሰማት እያየች ቆለፈችው። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞራ፣ ለዚህ ሰዓት የሚሆን ያላትን አንድ ቃል ሰጠቻት።

«ነፃ ነሽ።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ባዶውን ወለል ብዙ አየችው።

«እኔ ገድዬው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ቢያንስ ሲተነፍስ እያየ ጥሎት የሄደ ሰው አይኖርም ነበር።»