የኩርባው ባሕር ዛፎች

አዳነች ፒያሳ ውስጥ በአቶ ሐድጉ የዘርና የችግኝ ሱቅ ትሠራ ነበር። አባቷ አቶ ኃይለማርያም ልጃቸው ሱቅ መዋሏን አልወደዱትም። ነገር ግን እናቷ ወይዘሮ የሺዓለም ካረፉ ወዲህ አፍንጮ በር ያለው ቤት ጭር ብሎ ነበርና፣ ስትተክዝ ከማይ ትውጣ ብለው ፈቀዱላት።

በ1949 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ረዥም ወጣት ወደ ሱቁ ገባና ባርኔጣውን አወለቀ። የማያድግ ዛፍ እንዳላቸው ጠየቀ።

አዳነች የሰማችውን ተጠራጠረች። ከዚያ በፊት የመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው ቶሎ የሚያድግ ነበር።

«ማደጉንስ ይደግ» አለ ወጣቱ፣ ፊቷን አይቶ። «ከሰው ቁመት እንዳይበልጥ ነው። አፈሩን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝልኝ፣ ፍየልም እንዳትበላው።»

መርሻ ይባላል። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሠራተኛ ሰፈር ሲኖሩ ነው የተወለደው። የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ከለገሃር እስከ አቃቂ በሐዲዱ ዳርና ዳር ያለውን ዛፍ መጠበቅ ነበር። ሐዲዱ ላይ ሊወድቅ የሚችለውን ያስቆርጣል፤ በምትኩ አፈሩ እንዳይናድ አጠር ያለ ተክል ያስተክላል።

አዳነች ጥቂት አሰበችና ክትክታ ሰጠችው፣ በቲማቲም ጣሳ የበቀለ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የሚገዛው ነገር አልነበረውም። ክትክታው እንዳልደረቀ ሊነግራት ነው የመጣው። አቶ ሐድጉ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ከሰዓት የመርሻ ሆነ። «እርስዎ» መባባሉ ሳያስቡት ቀረ። ሱቁ ሲዘጋ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ይሸኛታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር ዓይኑ ብዙ ነውና ድልድዩ ላይ ይለያያሉ። እሷ ዳገቱን ወጥታ ዞር ስትል፣ እሱ አሁንም እዚያው ቆሞ ያያታል።

ሚያዝያ ላይ መርሻ የሚቆረጡትን ዛፎች ቀይ ቀለም እየቀባ ሐዲዱን ተከትሎ ሲወርድ አንድ ኩርባ ላይ ደረሰ። የረዘሙ ባሕር ዛፎች ወደ ሐዲዱ አዘንብለዋል፤ ቅርንጫፋቸው የባቡሩን ነጂ ፊት ለፊቱን እንዳያይ ይጋርደዋል። እዚያ ያገኘውን ጥበቃ የማን ናቸው ብሎ ጠየቀው። የአፍንጮ በሩ የአቶ ኃይለማርያም ናቸው አለው። መርሻ ቡርሹን ወደ ጣሳው መለሰ።

ስለ እነዚያ ዛፎች አዳነች ነግራዋለች። ጠላት በወጣ በዓመቱ አባቷና እናቷ አብረው የተከሏቸው ናቸው። እናቷ ከወንዙ ውኃ በእንስራ እየተሸከሙ አጠጥተዋቸዋል። አሁን አባቷ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እዚያ ሄደው ይቀመጣሉ። መቃብሩ ጋ ማልቀስ እንጂ ማውራት አይቻልም ይላሉ፤ የሚያወሯት እዚያ ነው።

በማግስቱ መርሻ አፍንጮ በር ሄዶ የአቶ ኃይለማርያምን በር አንኳኳ። ቀለም ቀብቶ ሠራተኛ መላክ ይችል ነበር፤ ግን ራሱ ቢነግራቸው ይሻላል ብሎ አሰበ። አቶ ኃይለማርያም እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ተነሥተው እንዲወጣ በሩን ከፈቱለት። ጓዳ የነበረችው አዳነች ሁሉንም ሰምታለች።

ቅዳሜ አዳነችና መርሻ ፒያሳ በሚገኝ ኬክ ቤት ተቀመጡ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ቀረ። አዳነች ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ አንዱን የዛፍ ተራ ብቻ እንዲዘልላት ለመነችው። ማንም አያውቅም፤ ለአባቷም ያ ይበቃቸዋል አለችው።

መርሻ ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ በዚያ ኩርባ ስለሚያልፉት ሰዎች ነገራት፤ ቅቤና ጌሾ ይዘው በሦስተኛ ማዕረግ ስለሚሳፈሩት ሴቶች፣ በጉልበታቸው ላይ ስለሚተኙት ሕፃናት።

«ብዘልልሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ያ ኩርባ ይታየኛል፤ አንቺም ከፍርሃቱ ጋር ትመጪብኛለሽ። አዳነች፣ አንቺን እየፈራሁ ማሰብ አልፈልግም።»

አዳነች ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አልተከተላትም።

ዛፎቹ ግንቦት ላይ ተቆረጡ። አቶ ኃይለማርያም በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ግንዱ የእርስዎ ነው ቢባሉ ለሰፈሩ ድሆች ስጡት ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤት አልወጡም። መርሻም ሱቁ ጋ አልደረሰም፤ የሚያስፈልገውን ክትክታ በሠራተኛ ያስወስድ ነበር። አዳነች ጣሳዎቹን ስትሰጥ ደህና መሆኑን መጠየቅ ትፈልግና ቃሉ ከአፏ ይመለሳል። የተቆጣችው በእሱ ነው ወይስ እውነት በመናገሩ፣ ራሷም ለይታ አላወቀችውም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ብቻዋን ወደ ኩርባው ወረደች።

በሐዲዱ ዳር ክትክታው ተርታውን ይዞ በቅሏል። ከሐዲዱ ራቅ ብሎ፣ በአባቷ መሬት ላይኛው ጫፍ፣ መርሻ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጉድጓድ ይቆፍራል። የዕረፍት ቀኑ ነው፤ ሠራተኛም አብሮት የለም። የተቆፈሩት ጉድጓዶች በሙሉ ባዶ ናቸው፤ ውኃ አቁረዋል።

ለምን እንዳልተከለባቸው ጠየቀችው።

«መሬቱ የአባትሽ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «መቆፈሬም ድፍረት ነው። ከዚህ ቢተከል የቱንም ያህል ቢረዝም ሐዲዱን አይደርስበትም። ምን እንደሚተከል ግን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።»

አዳነች ጉድጓዶቹን አየች፣ ከዚያ ጭቃ የበላውን እጁን አየች። መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው። መሐረቡን ሲቀበላት ጣቶቿን አልለቀቃቸውም፤ እሷም አልነጠቀችውም።

ቤት ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ለአባቷ ነገረች፤ ስለ ቅዳሜዎቹም፣ ስለ ድልድዩም። አቶ ኃይለማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መኝታቸው ገቡ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ከዘራቸውን አነሡና ተከትላቸው እንድትሄድ ነገሯት።

መርሻ ሲያያቸው ዶማውን ጥሎ ቆመ። አቶ ኃይለማርያም በጉድጓዶቹ መሀል ቀስ ብለው ተመላለሱ።

«እናቷ ወይራ እንትከል ነበር ያለችኝ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ወይራ መቼ አድጎ ልናየው ነው ብዬ ባሕር ዛፍ አመጣሁ። ችኩል ነበርኩ።»

ከዚያ ወደ መርሻ ዞረው ወይራ ከየት እንደሚገኝ ጠየቁት። እሱ አዳነችን አየ። ወይራ በአቶ ሐድጉ ሱቅ ነበረ።

ነሐሴን ሦስቱም ሲተክሉ ከረሙ። አቶ ኃይለማርያም ችግኙን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ መርሻ አፈር ይመልሳል፤ አዳነች በእግሯ ትጠቀጥቃለች። ባቡር ሲያልፍ ሥራ ይቆምና ሦስቱም ቀና ይላሉ። አንድ ቀን ሽማግሌው የመርሻን የሸሚዝ ኮሌታ አቃኑለት። አዳነች ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

መስቀል እንዳለፈ የመርሻ ሽማግሌዎች አፍንጮ በር መጡ። ስለ ልጁ ትጋትና ስለ ወላጆቹ ሊያወሩ ሲጀምሩ አቶ ኃይለማርያም በእጃቸው አስቆሟቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «የሚያስከፋኝን ነገር በሬ ድረስ መጥቶ የነገረኝ ሰው ነው። ልጄን አይዋሻትም። ውሰዱልኝ።»

አዳነች ሽማግሌዎቹ ቡራኬያቸውን ሳይጨርሱ በጓሮ በር ወጣች። ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን በእርምጃና በሩጫ መሀል ወጣች። መርሻን የሽማግሌዎቹን መልስ እየጠበቀ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ሲንቆራጠጥ አገኘችው። ትንፋሿ ተቆራርጦ መናገር አቃታት፤ ፊቷን አይቶ ተረዳ።

ቅዳሜ ነበር፤ ፒያሳ በሰው ተሞልቷል። አዳነች ክንዱን ያዘችው።

«ሰው ያየናል» አለ መርሻ በቀስታ።

«ይየን» አለችው፤ ክንዱንም እንደያዘች ቁልቁል ወደ ሱቆቹ ሄዱ።