ፈረስ ረገጠኝ ያለው ሰው

ደረሰ ሲሞት ሁለት እጁን ሆዱ ላይ እንደ ጨበጠ ነበር፤ ነርሶቹ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት። ኢንስፔክተር ስሜነሽ ስትደርስ የሆስፒታሉ ደጅ በለቅሶና በዛቻ ተሞልቷል። የሟች ታናሽ ወንድም ክንዴ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ይፎክራል።

«ሠልስቱ ሳይወጣ የምስጋናውን አባት ደጃፉ ላይ እደፋዋለሁ! ደም በደም ነው!»

ምስጋናው ራሱ ጣቢያ ታስሯል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እንጅባራ ገበያ መሃል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ደረሰን ትከሻውን በዱላ፣ ሆዱን በእርግጫ ብሎት ነበር። ደረሰ እዚያው ተዘረረ፤ በባጃጅ ሆስፒታል ገባ፤ እሑድ ሞተ። ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ጣቢያው በሙሉ እንዲህ አለ። ስሜነሽ ግን ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ልቧ የሚጠረጥር ሴት ናት።

የአስከሬኑን ጨርቅ ገለጠች። ከእምብርቱ በላይ የእጅ ስልክ የሚያህል፣ ረዘም ያለ ምልክት አለ፤ አንድ ጫፉ ላይ ሽምብራ የምታህል ክብ ነጥብ አለችበት። ዳርዳሩ ወደ ብጫ መቀየር ጀምሯል። በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

«ሲገባ ምን አለ?» ስትል ነርሷን ጠየቀች።

«ፈረሴ ረገጠኝ ነው ያለው። የገበያውን ጠብ ስናነሳበት እንኳ "እሱ አልጎዳኝም፤ ፈረሴ ነው" አለ።»

ስሜነሽ ይህን ማመን አቃታት። ትውልዷ እዚያው አዊ፣ ግምጃ ቤት ከተማ ነውና የአገሯን ሰው ታውቀዋለች። የአዊ ፈረሰኛ ሚስቴ ከዳችኝ ይላል፣ ቤቴ ተዘረፈ ይላል፤ የገዛ ፈረሴ ረገጠኝ ግን ቢሞት አይልም። ደረሰ ደግሞ ጥር በመጣ ቁጥር በፈረስ ትርኢቱ ሜዳ ስሙ የሚጠራ ጋላቢ ነበር።

ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ገባች። ባለሙያዋ ምሥራቅ ወረቀቱን ይዛ ትጠብቃት ነበር።

«ደሙ መቼ ተቀዳ?»

«ቅዳሜ፣ ገበያ ላይ ከተመታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው። የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አገኘሽ?»

«ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያመነጫል። ሁለቱን እንለካለን፤ አሚሌዝና ሊፔዝ ይባላሉ። ቆሽት ሲጎዳ ወደ ደም ይገባሉ። የሱ ሊፔዝ ከጤነኛ ሰው አሥር እጥፍ ነበር።»

«እርግጫው ቆሽቱን ሰነጠቀው በይኛ!»

«አይደለም፤ እኔንም የከነከነኝ እሱ ነው። ሊፔዝ በግማሽ ሰዓት እዚያ አይደርስም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። አሚሌዙ ደግሞ ወደ ጤነኛው መጠን ሊመለስ ምንም አልቀረው። አሚሌዝ ቶሎ ወጥቶ በሦስት በአራት ቀን ይወርዳል። ሊፔዝ ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል።»

«ስለዚህ ገበያ ሲወጣ ቆሽቱ ቀድሞ ተጎድቷል።»

«አራት ቀን ገደማ። አልትራሳውንዱም ስንጥቁን አሳይቷል።»

ስሜነሽ ወደ ኋላ ቆጠረች። ማክሰኞ ላይ ቆመች።

ጣቢያ ስትገባ ምስጋናው ፊቱ በድንጋጤ ገርጥቶ ተነሳ።

«ለምን መታኸው?»

«ስለ ናቀን ነው! ድሮ አጎቴ የሱን አባት ገድሏል። ደረሰ ራሱ ይብቃን ብሎ ሽማግሌ ላከ፤ ረቡዕ ልንታረቅ ቀጠርን። በግ ታረደ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እሱ ቀረ። አባቴ በሰማንያ ዓመታቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው ጠበቁት። ቅዳሜ ገበያ ሳገኘው "ለምን ዋሸኸን?" ብለው ጥርሱን ነክሶ ዝም አለኝ። ቆሽቴ አረረ፤ መታሁት። ልገድለው ግን አላሰብኩም፣ እመብርሃንን!»

«በምን መጣ?»

«በእግሩ። ዳማ ፈረሱን በልጓም እየጎተተ።»

«ደረሰ? ፈረስ ይዞ በእግሩ?»

«እኔም የናቀኝ መስሎኝ ነበር» አለ ምስጋናው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሰኞ ከቀብር በኋላ ስሜነሽ ወደ ሟቹ ቀዬ ወደ ጥርባ ወረደች። የሟች እናት ወርቅአየሁ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስሜነሽ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ባለፈው ሳምንት ጤናው እንዴት ነበር?»

«ከማክሰኞ ወዲህ መጋደም አቃተው፣ ልጄ። ከረጢት ታቅፎ፣ ወደ ፊት ተደፍቶ ነበር የሚያድረው። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው "ጨጓራ ነው እማ" እያለ...»

«ምን ነካሽ እማ!» ክንዴ ከበሩ ጮኸ። «ቅዳሜ ጧት እንደ ነብር ዘሎ የወጣውን ሰው! የገደለው ያ ውሻ ነው!»

ወርቅአየሁ ልጃቸውን አዩትና ዝም አሉ። ዝምታቸው ስሜነሽን አስፈራት።

ማክሰኞ፣ በሠልስቱ፣ አገሩ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ስሜነሽ እውነቱን በሕዝብ ፊት ልታወጣ ስላስመጣችው ምስጋናው በካቴና ታስሮ በአራት ፖሊሶች መሃል ቆመ። እርቁን ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ጋሼ ትዕዛዙ ተነሱ።

«ሽማግሌ ሲናገር ነፍጥ ይቀመጣል። አኑሩ!»

ጠመንጃዎቹ አጥሩ ሥር ተደረደሩ። ፖሊሶቹ ከጠመንጃዎቹ ጥይቱን አወጡ፤ ስሜነሽ ሰደፋቸውን አንድ በአንድ አይታ ወደ መሃል ገባች።

«ምስጋናው መትቶታል፤ ለዚያ በሕግ ይጠየቃል። ቆሽቱን የሰነጠቀው ምት ግን ባለፈው ማክሰኞ የወረደ ነው። ከገበያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀዳ ደሙ መሰከረ፤ በግማሽ ሰዓት የማይወጣው ወጥቶ፣ በአራት ቀን የሚወርደው ወርዶ ተገኝቷል። ፈረሰኛው በእግሩ የሄደው ኮርቻ ላይ መቀመጥ ስላልቻለ ነው። ረቡዕ ከእርቁ የቀረውም ንቆ ሳይሆን ቀና ብሎ መቆም ስላቃተው ነው።»

ድንኳኑ ተንሾካሾከ።

«ማን መታው? ደረሰ ፈረሴ ረገጠኝ አለ። እናንተ የፈረስ ሰዎች ናችሁ፤ እንዲህ ያለ ጋላቢ በማን ምክንያት በፈረሱ ይዋሻል? ከስሙ ለሚበልጥበት ሰው ሲል ብቻ ነው። ቢናገር ደም የሚገባው እዚሁ ቤት ነበር።» ፎቶውን ለጋሼ ትዕዛዙ ሰጠች። «ይህ የሰደፍ ምልክት ነው። ነጥቧ ከሰደፉ ብረት ወጣ ያለች ብሎን ናት። አጥር ሥር ካሉት እንዲህ ያለ ብሎን ያለው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱም ሟቹ ጤነኛ ነበር ብሎ እናቱን ዝም ያሰኘው ሰው ነው።»

ማንም ስም እስኪጠራ አልጠበቀም። ክንዴ ሰው ረግጦ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ ጠመንጃውን አንስቶ ቃታ ሳበ፤ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ገልብጦ በሰደፉ ምስጋናውን ግንባሩ ላይ አሳረፈበት። ደም ተረጨ። ደግሞ ሆዱን ሊል ሲሰነዝር ፖሊሶቹ ዘለው መሬት ላይ ደፈጠጡት። አገር ሁሉ በሰደፍ እንዴት እንደሚመታ ባይኑ አየ።

«የአባታችንን ደም በበግ ሊሸጠው!» አለ ክንዴ አፈር እየበላ። «አንዴ ብቻ ነው የመታሁት! አንዴ! አይናገርም ብዬ...»

ወርቅአየሁ ተነሱ።

«ልጄ» አሏት ስሜነሽን፣ «ያን ማክሰኞ ቢናገር ይድን ነበር?»

ስሜነሽ ልትዋሽላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም።

«ይድን ነበር፣ እናቴ።»

እናቲቱ በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ክንዴን ሳያዩ አልፈውት ወጡና ዳማውን ፈትተው እየሳቡ ተመለሱ። ልጓሙን በካቴና በታሰሩት የምስጋናው እጆች ውስጥ አኖሩት። የግንባሩ ደም እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ፤ አልጠረጉትም።

«ቅዳሜ እየጎተተ የመጣው ለአባትህ ሊሰጥ ነበር፤ ረቡዕ ስላስቆማቸው ካሳ እንዲሆን። ያልነገረህ ሕመሙ አላናግር ብሎት ነው።»

ምስጋናው ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወርቅአየሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይህ ፈረስ ማንንም አልረገጠም» አሉ። «አገር ይስማልኝ።»