ላምሪያ ያላደረሰችው መልእክት

ላምሪያ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በቶባ ሐይቅ መካከል ባለችው በሳሞሲር ደሴት፣ ከውሃው ዳር ብዙም ሳይርቅ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአባቷ ከሳሃትና ጡረታ ከወጡት አያቷ ከመጋቢ ማሪሆት ጋር ነበር።

ልጆች፣ መጋቢ ማሪሆትን በዚያ አገር የማያውቃቸው አልነበረም። በጉልበታቸው ዘመን ተራራ ወጥተው፣ በታንኳ ተሻግረው ወንጌል ሰብከዋል። የመንደሩን እኩሌታ ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። ሰው ታመመ ከተባለ ዝናብ አይይዛቸውም ነበር። አሁን ግን ልባቸው ደክሟል፤ እግራቸው አብጧል። ቤተ ክርስቲያኑም ወጣት መጋቢ አግኝቷል፤ እሳቸውን ብሎ ደጃቸውን የሚረግጥ ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላምሪያን ጠሯት።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ተቀመጪ። አጎትሽን ቶጋርን ታውቂዋለሽ?»

«በሩቁ ነው አባባ። ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሲጠግን አይቼዋለሁ። ለምንድን ነው እኛ ቤት የማይመጣው?»

ሽማግሌው እንዲህ አሏት፦

«ሴት አያትሽ ስትታመም አባትሽ ሕፃን ነበር፤ ቶጋርም ገና ልጅ ነው። እኔ ከተራራው ማዶ ቤተ ክርስቲያን አሠራ ነበር። ‹እናቴ ልትሞት ነው፣ ቶሎ ና› ብሎ ላከብኝ። እኔ ‹ምረቃው ይለፍና እመጣለሁ› አልኩ። ስመጣ ተቀብራለች። የስንቱ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሜ ጸልያለሁ፤ የእሷ አልጋ አጠገብ ግን አልነበርኩም። እጇን ይዞ የነበረው ያ ልጅ ብቻውን ነው።»

ላምሪያ ወደ አያቷ ጠጋ አለች።

«አሁን ሂጂና ‹አባትህ ጥፋቱ የእኔ ነው ይልሃል› በይው። ‹የቀረሁት ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ስለሚለኝ ነው፤ እግዚአብሔርን ሰበብ አደረግሁት› ይላል በይው። ‹ሳልሞት ዓይንህን ልየው› በይው። አባትሽን ብዙ ጊዜ ልኬዋለሁ፣ በር ዘግቶበታል። ልጅ ግን አያባርርም።»

«እሺ አባባ» ብላ ተነሣች።

የወደቡ መንገድ በሐይቁ ዳር ይሄዳል። ገና ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ከበሮና ነጋሪት ሰማች። ሰርግ ነው። ጓደኛዋ ናውሊ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

«የት ነው እንዲህ የሚያስሮጥሽ?»

«ተልኬ ነው።»

«ሙሽሮቹ እኮ አሁን መምጣታቸው ነው። ሥጋውም ሊወጣ ነው። ትንሽ አይተሽ ሂጂ፤ ወደቡ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ላምሪያ ትንሽ ልትቆይ ገባች። ይህቺን «ትንሽ» የምትባል ነገር እናንተም ታውቋታላችሁ አይደል? በላች። ጨፈረች። ሙሽራዋ ስታለቅስ ከናውሊ ጋር ሳቁባት። ከበሮው ጋብ ሲል ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታለች። ወደቡ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጨልሟል። ፊቷን ወደ ቤቷ አዞረች።

አያቷ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

«አገኘሽው?»

«አዎ» አለች።

«ምን አለ?»

«ነገ ከአምልኮ በኋላ እመጣለሁ አለ።»

ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ላምሪያ አያቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። «ተመስገን ጌታዬ» ይላሉ፣ ደግመው «ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ውሸቷን መመለስ ከበዳት።

እሑድ ሲሰብኩበት የኖሩትን ጥቁር ኮት ለበሱ። ለላምሪያ እናት ቶጋር በልጅነቱ የሚወደውን ዓሣ በእርድና በሚጥሚጣ እንድትሠራ ነገሯት። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ዓሣው በረደ። አመሻሹ ላይ ዝናብ ጀመረ።

«አባዬ፣ ይግቡ። ይመታዎታል» አላቸው ሳሃት።

«ዝናቡ አዘግይቶት ይሆናል» አሉ። ልብሳቸው ሲርስ ሳሃት ደግፎ አስገባቸው።

ላምሪያ ጥግ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። «ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደቡ ጋ እሄዳለሁ፤ ማንም ሳያውቅ አስተካክለዋለሁ» አለች በልቧ። ነጋ፤ ፈራች፤ አልሄደችም። በማግስቱም እንዲሁ።

መጋቢ ማሪሆት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ምግብ እምቢ አሉ። ወጣቱ መጋቢ ሊጸልይላቸው መጣ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ተወኝ ልጄ፣ አትድከም። ልጄ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። እኔም ያኔ እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ። የሚገባኝን ነው የሰጠኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ይቅርታ ሰበክሁ፣ አሁን ለራሴ ብፈልገው የለም። ጸሎቱም አፌ ላይ አልመጣ አለ።»

ወጣቱ መጋቢ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋ። ላምሪያ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታ ነበር። ሰውየው እስኪወጣ ጠብቃ ገባችና አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ እኔ አልሄድኩም።»

«የት?»

«ወደቡ ጋ። ሰርግ ቤት ገብቼ መሸብኝ። አጎቴን አላየሁትም። እመጣለሁ አላለም፤ የላኩትንም መልእክት አልሰማም። ዋሽቼዎት ነው።»

ላምሪያ ዱላ ጠበቀች። ቢመቷት በወደደች ነበር።

«እንግዲያው እምቢ አላለኝም» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እየጠፋ። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ። አሁን አባትሽን ጥሪው። ፍጠኑ።»

ሳሃት ላምሪያን ሞተር ሳይክሉ ላይ ከኋላው አስቀምጦ በረረ። የቶጋር ቤት ተዘግቷል። አንዲት ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤት፣ «ትናንት ማዶ ተሻገረ፤ የተበላሸ ጀልባ አለ ብለው ወሰዱት። ስልኩ እንደሆነ እዚያ አይሠራ» አለቻቸው።

በዚያን ሌሊት ንፋስ ተነሣ፤ ሐይቁ ጀልባ አላስኬድ አለ። መጋቢ ማሪሆት ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መጣ?» ይላሉ። «በመንገድ ላይ ነው» ሊሏቸው ማንም አልደፈረም፤ በዚያ ቤት ከእንግዲህ እንዲያ ማለት አስፈሪ ሆኖ ነበር። ቆይተው መጠየቁን ተዉ። ንፋሱ ሳይቆም አረፉ።

ቶጋር የመጣው ሬሳው ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቁመተ ረጅም፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው ነው። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀለት። አላለቀሰም፤ አባቱን ቁልቁል እያየ ቆመ። ላምሪያ ቀረበችውና ሁሉን ነገረችው፤ ሰርጉን፣ ውሸቱን፣ በረንዳውን፣ ዝናቡን። ከዚያም መልእክቱን አንድ ቃል ሳትቀንስ ነገረችው።

ቶጋር አጎንብሶ ሰማት።

«ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ቤቴ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ ብነግርዎት ይመጡ ነበር?»

«አላውቅም። እመጣ ይሆናል። በር ዘግቼብሽ ይሆናል። አሁን እኔም ልወቀው ብል አልችል።»

አልቆጣትም፤ አላቀፋትምም። ከሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በዚያ በጠቆረ እጁ ሸፈነ። ላምሪያም ራቅ ብላ ተቀመጠች። ይቅር እንደተባለች ታውቃለች። ያንን ቅዳሜ ግን ይቅርታውም ሊመልስላት አልቻለም።

ልጆች፣ የዋሸነውን ሳይመሽ፣ ዛሬውኑ እውነቱን እንናገር፤ እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ይቅር ቢለንም ያሳለፍነው ጊዜ ተመልሶ አይመጣምና።