ሁለት ዓይነት ንዝረት

ፀጋ ቶለሳን ያወቀችው ሽሮ ሜዳ፣ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ማግ ስታጠነጥን ነው። ማጠንጠኛው ሲፈጥን መንዘፍዘፍ ጀመረ። እንደ ወትሮዋ ልታቆመው ስትል አንድ ረጅም ጎረምሳ ከመንገድ ጮኸ።

«አታቁሚው! ጨምሪበት!»

«ቢሰበርስ?»

«በእኔ ይሁንብሽ።»

ጨመረችበት። ማጠንጠኛው ተንዘፍዝፎ ተንዘፍዝፎ ድንገት ጸጥ አለ። ቀና ስትል ልጁ ማጠንጠኛውን ትቶ እሷን ያያል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ቶለሳ የቁስቋም ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሮኬት ሞተር ፓምፕ ያጠናል። ሰው ምን የማያጠናው አለ! አዲሱ ገበያ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲያወራላት ግማሹ ባይገባትም ድምፁን ትወደው ነበር።

«ነዳጁን የሚገፋው ፓምፕ በደቂቃ ሠላሳ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዘንጉ የሚንዘፈዘፍበት አንድ ፍጥነት አለ። እዚያ ላይ ከቆየ ይበታተናል፤ ቶሎ ካለፈው ይረጋጋል።»

«የእኛም ነገር እንዲሁ ነው በለኛ» አለች እየሳቀች።

እሷ ቀለደች፤ እሱ ግን የምሯን መሰለው።

አባቷ ሲሞቱ ቤቱ በአጎቷ በጋሽ ወንድሙ እጅ ገባ። ጋሽ ወንድሙ ቶለሳን ባዩት ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ። ቶለሳም ይህ ቶሎ ካለፉት የሚረጋጋ ነው ብሎ ለፀጋ እንኳ ሳይነግራት አባቷ በሞቱ በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ላከ። እሱ የአርባው ተዝካር ወጥቷል ብሎ ነው። በእነፀጋ ቤት የሚቆጠረው ግን ዓመቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እናትና ልጅ ጥቁር ለብሰዋል።

«የወንድሜ ሙት ዓመት ሳይወጣ?» አሉ ጋሽ ወንድሙ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «በወንድሜ አጥንት ምያለሁ፤ ይህ ልጅ የዚህን ቤት ልጅ አያገባም!»

ፀጋ ጓዳ ሆና ሰማች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጳውሎስ ታክሲ መያዣው ጋ ተገናኙ። ቶለሳ ከስቷል።

«ሌላም ንዝረት አለ» አላት። «በፈጠነ ቁጥር የሚብስ፣ ራሱን በራሱ የሚያባብስ። መለየት ነበረብኝ። ሥራዬ እሱ ነው፤ እኔ ግን አልለየሁትም።»

«አራት ወር ነበር የቀረው፣ ቶሌ። እማዬ ለምናቸው አጎቴ እሺ ብለው ነበር። ጥቁራችንን ባወለቅን በማግስቱ ላክ ልልህ ነበር።»

«እሺ ብለው ነበር?»

«እሺ ብለው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴን ቀብሬ ስለ ሠርግ ላውራልህ?»

ዓይኑን ማየት አቃታት።

«አሁንም እወድሃለሁ» አለችው። «ግን በአባቴ አጥንት ላይ ተራምጄ አልመጣም።»

የሽሮ ሜዳው ታክሲ ሞልቶ ነበር። እንደምንም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላትና ሄደች።