የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች

ከምሳ መልስ ትርሲት እንደ ወትሮው የመዝገብ ቤቱን መስኮት ዘጋች፤ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሐሳብ አያስጨብጥም። የከተማውን ነዋሪ፣ ያለውንም የሞተውንም፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያዛውረውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ዘጠኝ አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ለሙከራ የራሷን ስም ፈለገች። በአርባ አንድ ማለቅ የነበረበት ቁጥሯ በሁለት ዜሮ አልቋል። ስሕተቱ ወዲያው ገባት፤ ፕሮግራሙን የጻፈችበት የኮምፒውተር ቋንቋ ቁጥር ሲረዝምበት ጭራውን ቆርጦ በዜሮ ይሞላል። አባቷ እሷንና መንትያዋን በአንድ ቀን ስላስመዘገቡ ተከታዩ አርባ ሁለት የእህቷ የምንትዋብ ነበር፤ እሱም በዜሮ አልቋል። ከሦስት ዓመት በፊት ከቀበረቻት እህቷ ጋር በአንድ ቁጥር ተጠቃለዋል። ከቁጥሩ ጎን «ሞታለች» ይላል።

ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጸድቃል። እስከዚያ ካልታረመ ትርሲት የምትባል ሰው በሕይወት የለችም።

«ጋሼ ላቀው፣ የድሮውን መዝገብ ያወጡልኛል?» አለች።

ያለ ቀልድ መልስ የማይሰጡት የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ከጎኗ ተቀምጠው ቀና እንኳ አላሉም። ብርድ እንደ ነካው ሰው የኮታቸውን ኮሌታ ብቻ ሰበሰቡ። ሻይ የምታድለዋ ሴትዮ ገብታ ለእሳቸው አስቀመጠችና የትርሲትን ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። መስኮቱ ዝግ ሆኖ ሳለ ክፍሉ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሸተተ፤ ከጀርባዋ፣ በጣም ቅርብ፣ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ትርሲት ፈራች። ዞራ ለማየት ግን አልደፈረችም።

ረጅም ቁጥር ሳይቆርጡ እንዲይዙ የፕሮግራሙን መስመሮች አንድ በአንድ ቀየረች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ፕሮግራሙን አስነሳችው። አሃዞቹ እስከ መጨረሻው ሞልተው መጡ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። እፎይ አለች።

ከዚያ ጎን ጎናቸውን አነበበች። አርባ አንድ፣ ሞታለች። አርባ ሁለት፣ በሕይወት አለች።

ከወንበሯ ዘልላ ተነስታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ወንበሩ ግን ባዶ አልሆነም።

ጋሼ ላቀው ወደ ወንበሩ ቀና አሉ። «ምንትዋብዬ፣ ተሳካልሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ» አለች ወንበሩ ላይ ያለችው፣ ትርሲት ወደምትጮህበት ግድግዳ አንዴም ሳትዞር።